በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፦ ስለ መጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አደጋ

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለአቪዬሽን ክበብ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግኩት ንግግር ነው። ከተቀዳው ድምፅ ላይ ተገልብጧል። ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ!

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናንተ ልጆቼ፣ ቅዳሜያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። አዎ፣ እናንተም። ጎሽ።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ። ዕድሜዬን በሙሉ አውሮፕላን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። አብራሪ አይደለሁም፤ መካኒክ ነኝ። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት መዝገቡ ላይ የሚፈርመው ሰው እኔ ነበርኩ። ፊርማ ቀላል ነገር ይመስላል። ግን እዚያች ፊርማ ላይ የማታውቁት ሕዝብ ይሳፈራል። ሕፃን ያቀፈች እናት ትሳፈራለች። ለቅሶ የሚሄድ ሰው ይሳፈራል። እኔ ፈርሜ ቤቴ ገብቼ ስተኛ እነሱ ሰማይ ላይ ናቸው።

አዘጋጆቹ ስለ አውሮፕላን ታሪክ እንድናገር ነው የጠየቁኝ። እኔ ደግሞ ስለ አደጋ ልናገር አልኩ። ወላጆች፣ አትደንግጡ። ልጆቻችሁን ላስፈራራ አይደለም የመጣሁት። ዛሬ አውሮፕላን ውስጥ ገብተን ቀበቶ አስረን እንቅልፍ የሚወስደን ለምንድን ነው? ከእኛ በፊት የሞቱ ሰዎች ስላሉ ነው። የሞቱበት ምክንያት ስለተጻፈ ነው። የሞቱበት ምክንያት ስለተነገረ ነው። ዛሬ ይህን ካልነገርኳችሁ ምን ልነግራችሁ ነው?

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛው ጭጋግ ነው። ሁለተኛው ኮላ ነው። ሦስተኛው መዝገብ ነው። ሁሉም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሆነ ነው። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እናገራለሁ፤ በእኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ።

ወደ አንደኛው ልግባ።

ኤፕሪል 7 ቀን 1922። ለንደን አጠገብ ካለው ከክሮይደን አንድ አውሮፕላን ተነሳ። ዴ ሃቪላንድ ዲ.ኤች. 18 ይባላል። ፖስታ ጭኗል። ውስጡ ያሉት አብራሪውና አንድ ረዳት ልጅ ብቻ ናቸው። ከፓሪስ፣ ከሌ ቡርዤ ደግሞ ፋርማን ጎልያድ የሚባል ተነሳ። ሦስት መንገደኞች፣ አብራሪና መካኒክ ይዟል። ከመንገደኞቹ ሁለቱ አሜሪካውያን ባልና ሚስት ናቸው። ገና ጫጉላ ላይ ነበሩ።

ያኔ ራዳር የለም። ከመሬት ሆኖ የሚመራ ሰው የለም። አብራሪ መንገዱን የሚያገኘው ወደ ታች አይቶ ነው። የባቡር ሐዲድ ይከተላል። ወንዝ ይከተላል። የመኪና መንገድ ይከተላል። ሰማዩ ሲከፋ ዝቅ ይላል፣ መሬቱ እንዳይጠፋው። ያን ዕለት በሰሜን ፈረንሳይ፣ ፒካርዲ በሚባለው አገር ካፊያና ጭጋግ ነበር። ሁለቱም ዝቅ አሉ። ሁለቱም አንድ መንገድ ያዙ። አንዱ ወደ ደቡብ ይመጣል፣ ሌላው ወደ ሰሜን ይሄዳል። 150 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ፊት ለፊት ተላተሙ። ሰባቱም ሰዎች ሞቱ። ሁለት የመንገደኛ አውሮፕላኖች አየር ላይ ሲጋጩ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ይህን ያህል ሰፊ ሰማይ እያለ! አይገርምም? ግን እኔን አይገርመኝም። ለምን እንደማይገርመኝ ልንገራችሁ።

አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። መስመሩ ከአዲስ አበባ ደሴ ነው። በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ክረምት ይዞኝ ሄደ። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ ዋጠን። ጣርማ በርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። መብራቱን ስታበሩት ነጭ ግድግዳ ነው የሚያሳያችሁ። አባቴ ረዳቱን አወረደው። ረዳቱ ባትሪ ይዞ ከፊታችን በእግሩ ይሄዳል፤ መኪናው የሰው እርምጃ ያህል ይከተለዋል። እኔ የማየው የባትሪዋን ብርሃን ብቻ ነው፣ ሎሚ የምታክል። አባቴ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ጭንቅላቱን አውጥቷል። ጥሩምባ ይነፋል፣ ያዳምጣል። ይነፋል፣ ያዳምጣል። ቀኙን ግን አይለቅም። የቀኝ ጎማው ጠርዙን እየዳበሰ ነው የሚሄደው። ከወዲያ አንድ አውቶቡስ መጣ። እንደ ጥላ አጠገባችን አለፈ። በመሃላችን የነበረው ክፍተት ክንድ አይሞላም። አባቴም ቀኙን ይዟል፤ ያም ሰውዬ ቀኙን ይዟል። እኔ ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚያ ነው።

ከፒካርዲው አደጋ በኋላ የአየር መንገዶቹና አብራሪዎቹ ተሰበሰቡ። የታወቀ መስመር ይኑር ተባለ። በመስመሩ ላይ ሁሉም ቀኙን ይያዝ ተባለ። ሬዲዮ ይኑር ተባለ። አያችሁ? አባቴ ጣርማ በር ላይ ያደረገውን ነገር፣ ለሰማዩ ያስተማሩት እነዚያ ሰባት ሰዎች ናቸው።

ወደ ጭጋጉ እመለስበታለሁ፤ አልጨረስኩትም። አሁን ግን ሁለተኛው ነገር። ኮላ። እዚህ ላይ ታገሱኝ፤ ረዘም ይላል፣ ልቤም ያለው እዚህ ነው።

ማርች 31 ቀን 1931። አሜሪካ፣ ካንሳስ። ፎከር ኤፍ-10 የሚባል ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ከካንሳስ ሲቲ ተነስቶ ወደ ሎስ አንጀለስ ጉዞ ጀመረ። ቲ.ደብልዩ.ኤ. የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነው። ስድስት መንገደኞችና ሁለት አብራሪዎች ነበሩበት። ባዛር ከምትባል ትንሽ መንደር አጠገብ፣ የከብት ግጦሽ ሜዳ ላይ ወደቀ። አንድም ሰው አልተረፈም። ክንፉ ከሰውነቱ ተለይቶ ሌላ ቦታ ተገኘ።

ከመንገደኞቹ አንዱ ክኑት ሮክኒ ነበር። የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኝ ነው። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ስሙን የማያውቅ ሰው አልነበረም። አገር ተንጫጫ። ፕሬዚዳንቱ ሳይቀሩ ሐዘናቸውን ገለጹ። ሕዝቡ አንድ ጥያቄ ያዘ፦ ምን ሆኖ ነው?

ምን ሆኖ ነው?

ክንፉ ከእንጨት ነበር። በኮላ የተጣበቀ እንጨት። ላዩ በስስ እንጨት ተሸፍኗል። እናንተ ቤት ኮምፔንሳቶ በር አለ? በተለይ የመታጠቢያ ቤት በር? እስቲ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ ሁላችሁም ቤት አለ። የበሩን የታችኛውን ጫፍ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ውሃ ሲጠጣ መጀመሪያ ያብጣል። ከዚያ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ንብርብሩ ይላቀቃል። በጣታችሁ ብትስቡት ይመጣል። ላዩ ግን ቀለም ስለተቀባ ለረጅም ጊዜ ደህና ይመስላል። የዚያ አውሮፕላን ክንፍ የሆነው ይኸው ነው። እርጥበት ገባ። ኮላው ለቀቀ። ክንፉን የሚሸከመው ዋናው አጥንት ከውስጥ ተላቀቀ። ከውጭ ግን ክንፉ ክንፍ ነው። ያብረቀርቃል።

እንግዲህ መካኒክ ሆናችሁ አስቡት። ጠዋት መጥታችሁ ያን ክንፍ ታያላችሁ። ምንም የለበትም። ውስጡን ለማየት የላዩን እንጨት መንቀል አለባችሁ። በየቀኑ ክንፍ ነቅሎ የሚያይ ማን ነው? ስለዚህ ይፈረማል። ይበራል። አንድ ቀን ይሰበራል።

እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ አስተማሪ ነበረን። ሳንቲም ይሰጠናል። በሳንቲሙ የተጣበቀውን ክፍል እየመታችሁ ሂዱ ይለናል። ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ ጣ። ደህና የተጣበቀ ከሆነ ድምፁ ጥርት ይላል። ከውስጥ የተላቀቀ ከሆነ ድምፁ ይሞታል፤ ዱፍ ይላል። እንዲህ… (የቆምኩበትን ጠረጴዛ በሳንቲም መታሁት) ስሙት። ይኸኛው ደህና ነው። እዚህ ጥግ ጋ ደግሞ ስሙት። ሰማችሁ? ትምህርት ቤቱ ይህን ጠረጴዛ ቢያስጠግነው ጥሩ ነው። ያ አስተማሪ ዓይናችንን አስጨፍኖ ነበር የሚያስመታን። ጆሯችን እንዲለምድ። እስከ ዛሬ በር ሳንኳኳ ድምፁን አዳምጣለሁ።

አሁን ዋናውን ነገር ስሙኝ። ከዚያ አደጋ በፊት በአሜሪካ የአውሮፕላን አደጋ ሲደርስ መንግሥት ይመረምራል። ምርመራው የንግድ ሚኒስቴሩ የአየር ክፍል ሥራ ነው። ግን ለሕዝብ አይናገርም ነበር! ምክንያቱ ተጽፎ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ለምን? ሕዝቡ ይፈራል፣ ገና የሚያድግ ሥራ ይሞታል፣ ፍርድ ቤት ክስ ይበዛል ተባለ። እስቲ አስቡት። ሥራውን ለማዳን ብለው የሚገድለውን ነገር ደበቁት።

አገራችን ለዚህ አባባል አላት። እናንተ ጨርሱልኝ። በሽታውን የደበቀ…? (ከአዳራሹ፦ መድኃኒት የለውም!) መድኃኒት የለውም! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ሮክኒ ሲሞት ግን መደበቅ አልተቻለም። ጋዜጣው ጠየቀ፣ ሕዝቡ ጠየቀ። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ አንድ ግምት ሰጡ። ቀጥሎ ሌላ ግምት ሰጡ። ፕሮፔለሩ ነው አሉ፣ በረዶ ነው አሉ። በዚህ ላይ ደግሞ ለማስታወሻ ብሎ ስብርባሪ የወሰደው ሰው ብዙ ነው። በመጨረሻ ነገሩ ወደ ክንፉ ደረሰ። ያ ዓይነት አውሮፕላን እንዳይበር ታገደ። መብረር የሚችለው ክንፉ ተከፍቶ ሲታይ ነው ተባለ። ምርመራ ለሕዝብ መነገር የጀመረውም ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግሊዝ አገርም የሆነው እንደዚሁ ነው። ጁላይ 21 ቀን 1930 አንድ ዩንከርስ ኤፍ-13 ሜፓም የምትባል መንደር ላይ አየር ላይ ተበታትኖ ወደቀ። ስድስት ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ውስጥ መኳንንት ነበሩበት። የምርመራው ሪፖርት ለሕዝብ ታተመ። በዚያች አገር እንዲህ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር።

ልጆቼ፣ ይህ ነገር ያመኛል። እውነቴን ነው፣ ያመኛል። መሳቢያው የተከፈተው ስመ ጥር ሰው ሲሞት ነው። መኳንንት ሲሞቱ ነው። ከ1918 ጀምሮ የአሜሪካን ፖስታ ሲያመላልሱ ከ30 በላይ አብራሪዎች ሞተዋል። የእነሱ እናቶች አላለቀሱም? የእነሱ ክንፍ፣ የእነሱ ሞተር ለምን አልተጠየቀም? ሐዘን እኩል ነው። ጥያቄውም እኩል መሆን ነበረበት።

ካንሳስ ላይ አውሮፕላኑ ሲወድቅ አጠገቡ ካለ እርሻ የመጣ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ሬሳውንም ስብርባሪውንም በዓይኑ አየ። ያ ልጅ አደገ፣ አረጀ። እዚያ ሜዳ ላይ የቆመውን ሐውልት ለማየት ሰው ሲመጣ እየመራ የሚያሳየው እሱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ! በእናንተ ዕድሜ ያየውን ነገር ሰባ ዓመት ሙሉ ለሰው ሲያሳይ ኖረ።

አሁን ደግሞ የሚያስደስተኝ ክፍል መጣ።

ቲ.ደብልዩ.ኤ. አዲስ አውሮፕላን ያስፈልገው ነበር። በእንጨት ክንፍ ሰው እምነት አጥቷል። የማስፈተሹም ወጪ ከባድ ነው። ቦይንግ ከብረት የተሠራ ጥሩ አውሮፕላን እያዘጋጀ ነበር፤ ግን የመጀመሪያዎቹ 60ዎቹ ለእህት ኩባንያው ተይዘዋል። ስለዚህ በኦገስት 2 ቀን 1932 የቲ.ደብልዩ.ኤ. ኃላፊ ጃክ ፍራይ አጭር ደብዳቤ ለፋብሪካዎች ጻፈ። ሙሉ በሙሉ ከብረት ይሁን አለ። 12 ሰው ይያዝ አለ። ሦስት ሞተር ይኑረው አለ። ደግሞ አንዱ ሞተር ቢጠፋ እንኳ ከማንኛውም ሜዳችን መነሳት ይቻል አለ። ዳግላስ የሚባለው ፋብሪካ፣ በሁለት ሞተር እንሠራዋለን ብሎ መለሰ።

ዲ.ሲ.-1 ተሠራ። ጁላይ 1 ቀን 1933 ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሳ። ተነስቶ አፍንጫው ቀና ሲል ሞተሮቹ ተንተፋተፉ። አብራሪው አፍንጫውን ዝቅ ሲያደርግ ተነሱ። ቀና ሲል እንደገና ተንተፋተፉ። እንደምንም ዞሮ አሳረፈው። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ነዳጁን ከአየር ጋር ቀላቅለው ለሞተሩ የሚሰጡት ካርቡሬተሮች ወደ ኋላ ዞረው ነበር የተገጠሙት! ቀና ሲል ነዳጁ ይቋረጣል። በጣም ትንሽ ነገር ናት። ግን ያ አብራሪ ቢደናገጥ ኖሮ የዲ.ሲ. ታሪክ በዚያው ቀን ያበቃ ነበር።

ቀጥሎ አሪዞና ውስጥ ዊንስሎ ወሰዱት። 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሜዳ ነው። በመነሳት ላይ እያለ አንዱን ሞተር አጠፉት። በአንዱ ብቻ ወጣ፤ በአንዱ ብቻ እስከ አልበከርኪ በረረ። የሜዳ ከፍታ ምን እንደሚያደርግ እኛ የአዲስ አበባ ሰዎች እናውቃለን። እኛ 2,300 ሜትር ላይ ነን። አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ከባሕር ዳርቻ ጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25፣ ከጅቡቲ ተነስታ አዲስ አበባ ስታርፍ በዚህ ስስ አየር ነው የመጣችው። ከዓመት በኋላ፣ ለንግሥ በዓሉ ዝግጅት ላይ ሁበርት ጁሊያን የሚባል አብራሪ ጂፕሲ ሞዝ የምትባለውን የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን የሰበረውም በዚህ ሰማይ ስር ነው። እሱ ግን ተረፈ።

ከዲ.ሲ.-1 ዲ.ሲ.-2 መጣ። ከዚያ በ1935 መጨረሻ ዲ.ሲ.-3። የዲ.ሲ.-3 ወታደራዊ ማመላለሻ ሲ-47 ተባለ። አሁን ልብ በሉ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ፤ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ። አውሮፕላኑ ምን ነበር? ሲ-47! አምስት ሲ-47 ይዞ ነው የጀመረው። የማቋቋሚያ ውሉን የተፈራረመው፣ ሥራውን ያስጀመረው ድርጅትስ ማን ነበር? ቲ.ደብልዩ.ኤ.! ያው በ1931 ካንሳስ ሜዳ ላይ ስምንት ሰው የሞተበት ድርጅት።

ያንን ኮላ ደብቀውት ቢሆንስ? እንጨቱን ቀለም ቀብተው ዝም ብለው ቢሆንስ? አያቶቻችን አሥመራና ጎንደር፣ ጅማና ጎሬ በምን ይሄዱ ነበር? እኔ ዳኮታ ላይ፣ ያቺው ሲ-47 ላይ ማለቴ ነው፣ የሠራሁት ጥቂት ጊዜ ነው፣ ዕድሜዋ ካለፈ በኋላ። ክንፏን በእጄ ስዳብስ ግን ሁልጊዜ ያን የካንሳስ ሜዳ አስበዋለሁ።

ውሃ ልጠጣ። አመሰግናለሁ።

ወደ ጭጋጉ እመለሳለሁ ብያችሁ ነበር። አንድ የወታደሮች ታሪክ ልንገራችሁ።

ፌብሩዋሪ 1934። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የአየር ፖስታ ውሉን ከግል ድርጅቶች ላይ ነጠቁ። በውሉ አሰጣጥ ላይ አድልዎ አለ ተብሎ ነው። ፖስታውን የጦር ሠራዊቱ አውሮፕላኖች ይውሰዱ አሉ። የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል ቤንጃሚን ፉሎይ ይቻላል ወይ ተብሎ ተጠየቀ። ይቻላል አለ። ዝግጅቱ የቀናት ነው። ወቅቱ ክረምት ነው፣ ያውም ክፉ ክረምት። ልጆቹ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ በሌሊትና በደመና ውስጥ የበረሩት ሰዓት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ብዙዎቹ አውሮፕላኖች ጣሪያ እንኳ የላቸውም።

ሥራው ገና ሳይጀመር፣ መስመሩን ሲለማመዱ ሦስት ሞቱ። እስከ ጁን ድረስ ከ60 በላይ አደጋ ደረሰ። ከ10 በላይ ወጣቶች ሞቱ። በደብዳቤ ምክንያት! ሰላም ነው፣ ጦርነት የለም። ደብዳቤ ለማድረስ ብለው ሞቱ። አዛዡ "ጌታዬ፣ ልጆቼ ለዚህ አልሠለጠኑም" ብሎ ቢሆን ኖሮ ስንቶቹ ይተርፉ ነበር? አለቃ ፊት "አይቻልም" ማለት ከባድ ነው። አውቃለሁ። ግን ሰው ይተርፍበታል።

ደመና ውስጥ ምን ይሆናል? ልጅ ሆናችሁ ዙራችሁ ዙራችሁ ድንገት ስትቆሙ ምድር ትዞርባችኋለች አይደል? ቆማችኋል፤ ጆሯችሁ ግን ገና እየዞርኩ ነው ይላችኋል። ደመና ውስጥ ያለ አብራሪም እንዲሁ ነው። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ያጋድላል፤ ሰውነቱ ግን ቀጥ ብያለሁ ይለዋል። ሰውነቱን ካመነ እየተጠማዘዘ መሬት ይገባል። ማመን ያለበት ፊቱ ያለውን መሣሪያ ነው። ይህ ደግሞ በተፈጥሮ አይመጣም። ልምምድ ይጠይቃል።

አንድ ኤድዊን ሊንክ የሚባል ሰው ነበር። አባቱ ኦርጋን ይሠራል። ልጁ የኦርጋኑን ወናፍ ወስዶ የአውሮፕላን መለማመጃ ሠራ። ወናፍ ታውቃላችሁ፣ አንጥረኛ የሚነፋበት። በወናፍ አየር የሚያጋድል፣ የሚዞር፣ መሬት ላይ የተተከለች ትንሽ አውሮፕላን። ውስጧ ገብታችሁ ክዳኑ ይዘጋባችኋል፤ የምታዩት መሣሪያውን ብቻ ነው። ለዓመታት ብዙም ገዢ አላገኘም። ከዚያ ክፉ ክረምት በኋላ ግን ሠራዊቱ ፈለገው። ሊያዩት ቀጠሮ የያዙ ቀን ሰማዩ ድፍን ነበር። መኮንኖቹ ዛሬ ማንም አይበርም፣ ሰውዬው አይመጣም አሉ። ሊንክ ግን ጭጋጉን ሰንጥቆ፣ መሣሪያውን እያየ መጥቶ አረፈ። ማስረዳት አላስፈለገውም። ስድስት ገዙት፣ አንዱን በ3,500 ዶላር። ዛሬ አብራሪዎች የሚሠለጥኑበት ሲሙሌተር አያቱ ያ ወናፍ ነው።

ሦስተኛው ነገር። መዝገብ። ሰዓት እየሄደ ነው፤ አጭር አደርገዋለሁ።

ኦክቶበር 30 ቀን 1935፣ ኦሃዮ ውስጥ ራይት ፊልድ። ቦይንግ ሞዴል 299 የሚባል ባለ አራት ሞተር የጦር አውሮፕላን ለሠራዊቱ ሊታይ ተነሳ። አብራሪው ፕሎየር ሂል ነው፤ ልምድ ያለው ሰው። አውሮፕላኑ ሽቅብ ወጣ፣ ቆመ፣ ወደቀ። ሂል ሞተ። የፋብሪካው አብራሪ ሌስሊ ታወርም በደረሰበት ጉዳት ሞተ። አውሮፕላኑ ጤነኛ ነበር። መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ጭራውን ነፋስ እንዳያንገላታው የሚይዝ መቆለፊያ አለ። ሳይፈታ ነበር የተነሱት። አለቀ። አንድ መቆለፊያ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አብራሪዎች ምን አደረጉ? ልምድ አለን፣ አንረሳም አላሉም። ወረቀት ላይ ጻፉት። ከመነሳት በፊት ይህን፣ ከማረፍ በፊት ይህን። አንዱ ያነባል፣ አንዱ ያረጋግጣል። ቼክሊስት የምንለው እንዲህ ነው አውሮፕላን ውስጥ የገባው። ሰው ይረሳል። ጎበዝም ይረሳል። ይህን ማመን ለጎበዝ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። ለጥቂት ሰው ነው የነገርኩት።

ወጣት ነበርኩ፣ የሌሊት ተረኛ። የት እንደነበር ይቅር። አውሮፕላኑ ጎህ ሲቀድ ይነሳል። ሥራዬን ጨርሼ የመሣሪያ ሣጥኔን ከፈትኩ። ሣጥኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በቅርጹ የተቀደደ ቦታ አለው። ፒንሳው አለ። ቁልፎቹ አሉ። ቡሶላዎቹ አሉ። አንዲት አጭር ካቻቪቴ የለችም። ቦታዋ ባዶ ነው። እስከ ዛሬ ያ ባዶ ቦታ ፊቴ ላይ አለ።

ኪሴን ፈተሽኩ። መሬቱን ፈተሽኩ። የሠራሁት ወለሉ ስር፣ የመሪው ገመዶች የሚያልፉበት ቦታ ነው። ወለሉ ተገጥሟል። ብሎኖቹ ሁሉ ታስረዋል። ማንም አላየኝም። ከገበያ ሌላ ካቻቪቴ ገዝቼ ነገ ማስገባት እችል ነበር። ሐሳቡ መጥቶብኛል፤ አልዋሻችሁም።

አለቃዬን ጋሼ ነበር የምለው። ቁጡ ሰው ነው። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ሄድኩ። "ጋሼ፣ አንዲት ካቻቪቴ የለችም" አልኩት። ሻይ ይዞ ነበር። ብርጭቆውን አስቀመጠ። "ማን ያውቃል?" አለኝ። "ማንም" አልኩት። ተነሳና እጁን አጨብጭቦ ሁሉንም ጠራ። "ወለሉን ክፈቱ" አለ። ከመቶ በላይ ብሎን ነው፣ ልጆቼ። አንድም ሰው አልሰደበኝም። ሊነጋ ሲል አንዱ ጓደኛችን ተኝቶ እጁን ሰደደና አወጣት። ገመዱ ከሚያልፍበት መዘውር ሥር ነበረች። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ተነሳ። መንገደኞቹ ሲያጉረመርሙ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ አለቃዬ መዝገቡን ሰጠኝና ጻፍ አለኝ። ሰዓቱን ጻፍኩ። የወለሉን ቁጥር ጻፍኩ። ቀጥዬ "አንዲት ካቻቪቴ ጠፋች" ብዬ ጻፍኩ። ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ያነባል። እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ። "ጠፋች" የምትለዋ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ።

"ካቻቪቴ እግር የላትም" አለኝ። "ረሳኋት በል።"

እስክሪብቶውን መለሰልኝ። ረሳኋት ብዬ ጻፍኩ። ስሜን ጻፍኩ። ፈረምኩ። በማግስቱ ሁለቱም ተረኞች ባሉበት ቆሜ እንዳነበው አደረገኝ። ከዚያ ወረቀቱን መሣሪያ ክፍሉ በር ላይ ለጠፈው፤ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ በሚያየው ቦታ።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄ ያላችሁ ልጆች ወደ ፊት ቅረቡ።